ለፒክአፕ የጎን መርገጫ ስትመርጡ ከስር ጀምሩ

የጎን መርገጫ ሊገዛ የወጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በሚያብረቀርቀው ቱቦ ላይ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ በጨርቅ ወልውሎ ፊት ለፊት ያቆመዋል። ክብደታችሁን የሚሸከመው ግን ከኋላ የተደበቀው ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ብራኬት (መርገጫውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ብረት)፣ ጥቂት ብሎኖች፣ ብሎኖቹ የገቡበት የመኪናው አካል። ተጎንብሶ ያላየ አያየውም። እዚህ የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ይነሳል። መጀመሪያ ከስር እዩ፣ ውበቱ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

የማወራው ከተማችን አዲስ አበባ መሀል ስለሚበዙት ፒክአፖች ነው፤ ሃይሉክስ፣ ዲማክስ፣ ኤል 200፣ ናቫራ፣ ሬንጀር። አብዛኛው ምክር ለሁሉም ይሠራል።

1. ማን እንደሚወጣ ልብ በሉ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ለጥቂት ቀን መኪናው ላይ ማን ማን እንደሚወጣና እንደሚወርድ ተከታተሉ። መሀል አዲስ አበባ ያለ ደብል ጋቢና ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው መኪና አይደለም። በሥራ ቀን ሳይት ይመላለሳል፣ ቅዳሜ ዕቃ ይጭናል፣ እሁድ ጠዋት እናትን አራዳ ጊዮርጊስ ያደርሳል። ለሾፌሩ የተመቸ መርገጫ ለእናት ላይመች ይችላል።

እናት ወይም አያት የሚሳፈሩ ከሆነ ምርጫው ግማሹ አለቀ። ሙሉ ጫማ የሚያሳርፍ፣ ጠፍጣፋና ሰፊ መርገጫ ያስፈልጋችኋል። ክብ ቱቦ ጉልበቱ ለደከመ ሰው አይሆንም፤ እግር ይንሸራተትበታል። ከዋናው ቱቦ ወደ ታች የተንጠለጠለ የቀለበት ቅርጽ ያለው መርገጫም ለረጅም ቀሚስ አይመችም፤ ጫፉ ይያዝበታል። በዚያ ላይ መርገጫ ብቻውን አይበቃም፣ እጅም የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። በሁሉም በሮች በኩል የውስጥ እጀታ መኖሩንና አለመላላቱን ሞክሩ። መርገጫ ገዝቶ እጀታ መርሳት የተለመደ ነው፤ አዛውንቶቹም በሩን ይዘው ለመውጣት ይገደዳሉ። በር ደግሞ ይወዛወዛል።

ሠራተኛ የምታመላልሱ ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው። ጭቃ የያዘ ቦት ጫማ ይወጣበታል፣ ሁለት ሦስት ሰው አንዴ ይቆምበታል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የክብደት ልክ አንብቡ። ብዙዎቹ 300 ፓውንድ ይላሉ። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል እንጂ 136 ኪሎ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች አብረው ከቆሙበት አለፈ ማለት ነው። 500 ፓውንድ የሚል ካገኛችሁ 227 ኪሎ ነው፤ ለሥራ መኪና ከዚህ በታች አትውረዱ። ዘሎ የሚወጣ ሰው ቆሞ ከሚመዝነው በላይ እንደሚጫንም አትርሱ። እየነዱ ሰው መርገጫ ላይ ማንጠልጠል ግን የቱንም ያህል ጠንካራ ብረት ቢገጠም አይደረግም።

ልጆች ካሉ መርገጫው እስከ ኋለኛው በር መጨረሻ መድረሱን አረጋግጡ። ለነጠላ ጋቢና የተሠራ አጭር መርገጫ ደብል ጋቢና ላይ ገጥመው የኋላውን በር ባዶ የሚተዉ አሉ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ፒክአፓችሁ የኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው ዝቅ ያለው ዓይነት ከሆነና የሚሳፈረው ሁሉ ጎልማሳ ከሆነ፣ መርገጫ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ገንዘቡን ጎማ ላይ አውሉት።

2. ሜትር ያዙ

መኪናውን ደልዳላ አስፋልት ላይ አቁሙ። ከመሬት እስከ በሩ ስር ያለው የወለል ጠርዝ ድረስ ለኩ። 64 ሴንቲሜትር ቢመጣ፣ መርገጫው 32 ላይ ሲውል ሁለቱ እርምጃዎች እኩል ይሆናሉ። ለእግር የሚስማማው ይህ ነው። መንገዳችን ግን ይህን ሁልጊዜ አይፈቅድም። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ፣ ሹል የቤዝመንት መግቢያ አለ፣ ኮብልስቶን ሰፈር ውስጥ አፉ የተከፈተ ቦይ አለ። ሃይሉክስ፣ የቀድሞው ቪጎም ከእሱ በኋላ የመጣው ሬቮም፣ ደብል ጋቢናው በፊትና በኋላ ጎማው መካከል 3 ሜትር ከ8 ሴንቲ ያህል ርዝመት አለው። እንዲህ የረዘመ መኪና ጉብታ ላይ ሲወጣ መሀሉ ነው ወደ መሬት የሚቀርበው። መርገጫው የተቀመጠውም እዚያው መሀል ላይ ነው።

ስለዚህ ተንበርክካችሁ ከስር እዩ። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል፣ ሻንሲው (መኪናውን ከስር የሚሸከመው ዋናው የብረት አጽም) አካባቢ ዝቅ ብሎ የሚታየው ብረት የቱ ነው? የመርገጫው ታችኛ ጠርዝ ከዚያ በታች ባይወርድ ጥሩ ነው። አዛውንት ለሚሳፈሩበት መኪና ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ሾፌሩ ግን ጉብታ ላይ በእርጋታ መውጣት አለበት። ልኬቱን መኪናው ጭነት እንደያዘም ድገሙት። ባልስትራው ሲጫን የኋላው ክፍል ይወርዳል፣ መርገጫውም አብሮት ይወርዳል።

ቀጥሎ ስፋት። መርገጫው ከጎማው የውጭ ፊት ብዙ ወጥቶ ከሄደ የቤዝመንት ግድግዳ ይነካል፣ ጠባብ መንገድ ላይ የእግረኛና የሞተረኛ ቅልጥም ይመታል። ከስፖኪዮ ውጭ የሚወጣማ ጨርሶ አይታሰብም። የመኪናውን ስፋት የሚጨምር ሆኖ ከታያችሁ ቦሎ ከመድረሱ በፊት ምርመራ የሚያደርጉትን ባለሙያዎች ጠይቁ። ከገጠሙት በኋላ ከማስፈታት ይሻላል።

የምንነዳው በቀኝ ስለሆነ ጠርዝ ጥግ ስንቆም የሚጋለጠው የቀኙ መርገጫ ነው። ያገለገለ መኪና ስታዩም ሆነ ያገለገለ መርገጫ ስትገዙ የቀኙን አስቀድማችሁ ገልብጡ። ታሪኩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

3. ዓይነቱን ለዩ

ክብ ቱቦው በጣም የተለመደው ነው። ብዙ ጊዜ ባለ 3 ኢንች፣ ማለትም 76 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን በየበሩ ስር የፕላስቲክ መርገጫ ተለጥፎበታል። ጠንካራና ቀላል ነው፤ እግር የሚያርፍበት ቦታ ግን ያ ፕላስቲክ ብቻ ነው። ሞላላው ቱቦ ከእሱ ትንሽ ይሰፋል፣ ለእግርም ይሻላል።

ጠፍጣፋው ከ13 እስከ 15 ሴንቲሜትር ይሰፋል። ከፊተኛው በር እስከ ኋለኛው በር ያለማቋረጥ ይሄዳል። ከተማ ውስጥ ቤተሰብ ለሚጫንበት መኪና ከሁሉም አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው። ክረምት ላይ ከጎማ የሚረጨውን ጭቃም በከፊል ይከላከላል።

ድንጋይ መከላከያ የሚባለው ወፍራም ቱቦ ሌላ ነገር ነው። ሻንሲው ላይ ይታሰራል፣ መኪናው አለት ላይ ቢያርፍ እንኳ ክብደቱን እንዲሸከም ተብሎ የተሠራ ነው። ጥንዱ ከ40 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ከከተማ ወጥታችሁ ድንጋያማ መንገድ የምትሠሩ ከሆነ ዋጋውን ያወጣል። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ለሚመላለስ መኪና ግን ነዳጅ እየበላ የሚንጠለጠል ብረት ነው።

በር ሲከፈት የሚወርደው ኤሌክትሪኩ ያምራል። ግን ሞተርና ማጠፊያ አለው፣ ሁለቱም የተቀመጡት ጭቃ በሚረጭበት ቦታ ነው። ክረምቱ ረጅም በሆነበት አገር፣ መለዋወጫውም እንደልብ በማይገኝበት፣ የግድ ዝቅ ያለ መርገጫ የሚፈልግ ሰው ከሌላችሁ በቀር አልመክረውም።

4. ብረቱ ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ከባሕር ሩቅ ናት፣ መንገዳችን ላይም ጨው አይረጭም። ስለዚህ በደንብ የተቀባ ተራ ብረት እዚህ ረጅም ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። ጠላቱ የክረምት ጭቃ ነው፤ ብራኬት ጥግ ገብቶ እርጥበት ይዞ ሲቀር። የተዘጋ ቱቦ ውስጥ የገባ ውሃም እንደዚያው። ጫፉ በፕላስቲክ የተደፈነ ቱቦ ከሆነ ከስሩ ትንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳ መኖሩን እዩ።

ኒኬል የተቀባ ብረትና ስቴንለስ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። ማግኔት አስጠጉ። አጥብቆ ከሳበ በኒኬል የተሸፈነ ተራ ብረት ወይም ርካሹ የስቴንለስ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ኒኬሉ አንድ ቦታ ከተላጠ ዝገቱ ከስር እየሄደ ያነሳዋል። ማግኔቱ ካልሳበ ስቴንለስ ወይም አሉሚኒየም ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ። 304 የሚባለው ጥሩው ስቴንለስና 201 የሚባለው ኒኬል የቀነሰው ሁለቱም ማግኔት ላይ ተመሳሳይ ናቸው። ስለዚህ “ማግኔት አይስበውም፣ ስለዚህ 304 ነው” የሚል ሻጭ ምንም አላስረዳችሁም። ማህተሙን ወይም ወረቀቱን ጠይቁ። ለእኛ አየር 201ም ቢሆን እየታጠበ ያገለግላል፤ በ304 ዋጋ ግን አትግዙት።

አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ እንደ ብረትም አይዝግም። ከብረት ጋር ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኝ ግን መበላቱ አይቀርም። ብራኬቱ ብረት ከሆነ በመካከላቸው የፕላስቲክ ወይም የጎማ ሮንዴላ ይግባ።

የፕላስቲኩን ነገር ቀላል አታድርጉት። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐዩ ፕላስቲክ ይጨርሳል። ርካሹ ነጥቶ ይሰነጠቃል፣ ሻካራነቱም ይጠፋል። በጥፍራችሁ ሞክሩት። ጎማነት ካለው ይሻላል። ለሳይት ሠራተኛ ደግሞ ጥርስና ቀዳዳ ያለው ብረት ይበልጣል፤ ጭቃው በቀዳዳው ይወርዳል።

5. የሚይዘው ነገር

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ያዙ።

ፒክአፕ እንደ ቤት መኪና አንድ ወጥ አካል አይደለም። ከስር ሻንሲው አለ። ጋቢናው በሻንሲው ላይ በጎማ ትራሶች ተቀምጧል። የጭነት ሳጥኑ ደግሞ ለብቻው ታስሯል። በጋቢናውና በሳጥኑ መካከል ያለው ክፍተት የተተወው ሁለቱ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ነው። መኪናው ኮብልስቶን ላይ ሲወጣና ሲወርድ ሻንሲው ይጠማዘዛል፣ ጋቢናው በራሱ ይወዛወዛል።

ስለዚህ አንድ ብራኬት ጋቢናው ላይ፣ ሌላው ሻንሲው ላይ የታሰረ መርገጫ ሁለት ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ነገሮችን አንድ ላይ አስሯል። መጀመሪያ ይንኳኳል። ቀጥሎ ብሎኑ ይላላል። መጨረሻ ላይ የጋቢናው ላሜራ ይቀደዳል ወይም የብራኬቱ ብየዳ ይሰነጠቃል። ከጎማ እስከ ጎማ የሚደርስ ረጅም መርገጫ ተገዝቶ የኋላ ጫፉ የጭነት ሳጥኑ ላይ ሲታሰርም ያው ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሁሉም ብራኬት ጋቢናው ላይ፣ ወይም ሁሉም ሻንሲው ላይ።

የትኛው ይሻላል? ከፋብሪካው የተዘጋጀ ባለጥርስ ቀዳዳ በጋቢናው ታችኛ ጠርዝ ውስጥ ካለ፣ ለከተማ ሥራ እሱ ይበቃል። ብዙ ፒክአፖች አላቸው፤ በጎማ ወይም በፕላስቲክ ክዳን ተደፍኖ ነው የሚገኘው። ምንም መብሳት አያስፈልግም። ሰው ብዙ የሚቆምበት የሥራ መኪና ከሆነ ሻንሲ ላይ የሚታሰረው ይሻላል።

የማይሆነው አንድ ነገር አለ። የጋቢናውን ላሜራ በድሪል በስቶ በብሎንና በሮንዴላ ብቻ ማሰር። ላሜራው ስስ ነው፤ ሰው በረገጠ ቁጥር ይታጠፋል፣ ከጊዜ በኋላ ይቀደዳል። ሌላ አማራጭ ከሌለ ከጀርባው ሰፊ የብረት ድጋፍ ይግባ፣ የተበሳው ጠርዝም በዚያው ቀን ቀለም ይቀባ። በአዳዲሶቹ ሞዴሎች በበሩ ስርና በምሰሶው ውስጥ ሽቦና የኤርባግ ሴንሰር ሊኖር ስለሚችል ሳያጣሩ ድሪል አይነካም።

ብሎኑን እዩ። ራሱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር የተቀረጸበት ይሁን። ምንም ያልተጻፈበት ለስላሳ ብሎን ለአጥር በር እንጂ ለዚህ አይሆንም። ብራኬቶቹ በየጎኑ ሦስት ቢሆኑ ይመረጣል፤ በሁለት ብቻ የተያዘ ረጅም ቱቦ መሀሉ ላይ ይለመጣል።

6. ገበያ ስትወጡ

አዲሱም አሮጌውም ሶማሌ ተራና ተክለሃይማኖት አካባቢ ይገኛል። ስትሄዱ መኪናውን ይዛችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው፤ ማቆሚያ ካስቸገረ ግን ሊብሬውን፣ ከስር የተነሳ ፎቶና ልኬታችሁን ያዙ። “የሃይሉክስ ነው” የሚል መልስ አይበቃም። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2015 የተሠራው ቪጎና ከ2015 ወዲህ ያለው ሬቮ ቀዳዳቸው አንድ አይደለም። ዲማክስም እንዲሁ፣ እ.ኤ.አ. የ2011ና የ2019 ቅርጽ ይለያያሉ። “ትንሽ ካጠፍነው ይገባል” ከተባላችሁ ምስጋና አቅርባችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ። የታጠፈ ብራኬት የተዳከመ ብራኬት ነው።

ያገለገለ ኦሪጅናል፣ ደህና ከሆነ፣ ከአዲስ ርካሽ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ግን ገልብጡት። ብራኬቱ ከቱቦው ጋር የተገናኘበትን የብየዳ መስመር በብርሃን እዩ። አዲስ ጥቁር ቀለም እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ከተቀባ ምክንያት አለው፤ ስቱኮም ሊኖር ይችላል፣ በቁልፍ ጫፍ መታ መታ አድርጉት። መሬት ላይ አስተኝታችሁ ቀጥ ማለቱን ተመልከቱ። የግራና የቀኝ መሆኑን አረጋግጡ። ብራኬቶቹ የፊት፣ የመሀልና የኋላ ተብለው ስለሚለያዩ አንድም እንዳይጎድል ቁጠሩ። ብራኬት የሌለው መርገጫ በግማሽ ዋጋ ቢሰጣችሁም አትውሰዱት፤ ብራኬቱን ለብቻ ስታሳድዱ ትውላላችሁ።

ዋጋ ስትጠይቁ ለያይታችሁ ጠይቁ። መርገጫው ስንት፣ ብራኬትና ብሎን ተጨምሮ ስንት፣ መግጠሚያው ስንት። ደላላ ከመሀል ከገባ የእሱም። የምታምኑት መካኒክ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቁን ግን እሱ ሳይሆን እናንተ ምረጡ።

7. ብየዳ ቤት ማሠራት

ይህም ጥሩ መንገድ ነው፣ በተለይ ለሥራ መኪና። የበያጁ እጅ ጥሩ ከሆነ ከብዙ የካርቶን ዕቃ የበለጠ ይሠራል። ነገር ግን ልኩን እናንተ ስጡት። ለወንበርና ለአልጋ የሚሆን ስስ ቱቦ ይዞ እንዳይጀምር፣ ግድግዳው 3 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ ይሁን። ብራኬቱ 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ላሜራ ይቆረጥ። መርገጫው ተፈትቶ እንዲወጣ በብሎን ይታሰር። ሻንሲው ላይ በቀጥታ አታስበይዱ። ሙቀቱ የሻንሲውን ብረት ባሕርይ ይለውጣል፣ የተቃጠለው ቀለም ውስጥም ዝገት ይገባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የነዳጅና የፍሬን ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም ሻንሲውን ተከትለው ነው የሚያልፉት።

መኪናው ላይ የግድ መበየድ ካለ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፣ የብየዳው መሬት ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ። የነዳጅ ታንኩ የት እንዳለ አሳዩት። እሳት ማጥፊያ ከሌለው ብየዳ ቤት መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

8. መግጠም

ከፋብሪካ ቀዳዳ ጋር የሚገጥም ከሆነ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ሁለት ሰው ይበቃል። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ስር ታኮ አድርጉ። ብዙ ጊዜ ክሪክ አያስፈልግም። ካስፈለገ በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ስር ማንም አይግባ።

ክዳኖቹን አውጥታችሁ የቀዳዳውን ጥርስ በሽቦ ብሩሽና በዘይት አጽዱ። ብሎኑ በእጅ እስከ ጥቂት ዙር መግባት አለበት። በቁልፍ ካልሆነ አልገባም ካለ አታስገድዱት፣ ጥርሱ ይበላል። የጋቢናውን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ብራኬቱ እንዳይደፍናቸው ተጠንቀቁ።

ብራኬቶቹን ሁሉ ላላ አድርጋችሁ ስቀሉ። መርገጫውን አስቀምጡና ሁሉንም ብሎን በእጅ አስጀምሩ። አንዱን አጥብቃችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ የመጨረሻው ቀዳዳ አይገጥምም፤ ሰዎች ድሪል የሚያነሱት እዚህ ላይ ነው። ከፊትም ከጎንም ቀጥ ማለቱን ካያችሁ በኋላ ከመሀል ጀምራችሁ ወደ ጫፍ አጥብቁ። አብሮት የመጣ ወረቀት ካለ ቁጥሩን ተከተሉ። ከሌለ፣ 8 ሚሊሜትር የሆነ የ8.8 ብሎን፣ በ13 ቁልፍ የሚፈታው፣ 25 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) አካባቢ ይበቃዋል፤ 10 ሚሊሜትሩ ደግሞ 45 አካባቢ። ረጅም ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰክቶ መጎተት ብሎን ይበጥሳል።

ከዚያ ፈትሹ። በሮቹን ሁሉ እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ ከስራቸው እንዳይነኩ። መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ ጥግ አዙሩ፣ የፊት ጎማው የመርገጫውን ጫፍ መንካት የለበትም፤ ትልቅ ጎማ ያስገባ ሰው ይህን አይዝለል። የክሪክ ማስቀመጫው ቦታ አሁንም ይደረሳል? ከዚያ ከሁላችሁም የሚከብደው ሰው ይቁምበትና ቀስ ብሎ ይወዝውዘው። ትንሽ መለመጥ ያለ ነው። የሚንኳኳ ድምፅ ግን መኖር የለበትም።

ከሳምንት በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጥብቁ። ቀለሙና ጎማው ቦታውን ሲይዝ ብሎን መላላቱ ያለ ነው። ላቫጆ ስትሄዱ አጣቢው በብራኬቶቹ ጥግና በመርገጫው ጀርባ ውሃ እንዲለቅበት ንገሩት፤ ካልተነገረው የሚያጥበው ከላይ ያለውን ብቻ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት ሰኔ ላይ፣ ሲወጣም መስከረም ላይ ከስር በባትሪ ብርሃን እዩት። ቀለሙ የተላጠ ቦታ ካለ ፍቃችሁ ቀቡት።

መርገጫው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ወይም ጉብታ ከነካ ደግሞ ከላይ ምንም ባይታይበትም፣ ሰው ሳይረግጠው የመታው በኩል ያለውን ብራኬት ፈትታችሁ ብየዳውንና የብሎኑን ቀዳዳ ተመልከቱ። የተሰነጠቀ ብራኬት አይበየድም፣ ይቀየራል።